በጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ጉድጓዴ

ጉድጓዴን ወሰዱብኝ። በጉልበት ወስደውት ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ጣሊያን በጉልበት ያልወሰደው ምን ነበረ? የእኔን ግን የወሰዱት በወረቀት ነው። የእጄን መዳፍ በማታክል፣ በጠርሙስ ሆድ ላይ በሙጫ በምትለጠፍ ቁራጭ ወረቀት። ከመጋቢት 1930 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር በሰው እጅ ቆየ። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ነገሩ ትዝ ሲለኝ አሁንም ምራቄን ያስተፋኛል፤ መጻፍ ከቻልኩ በኋላ ደግሞ ዝም ማለቱ ፍርሃት ይመስልብኛል። ለዚህ ነው።

መተማን በሚያዝያ ያላየ ሰው የውሃ ነገር ቢነግሩትም አይገባውም። ኾር የምንለው የዝናብ ወራጅ ከጥር በፊት ይደርቃል። የጓንግ ወንዝ ራሱ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። በዚያ ኩሬ ግመል ይጠጣበታል፣ ከብት ይቆምበታል፣ ሰው ልብሱንም ገላውንም ይታጠብበታል፤ ከዚያ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ አጥልለው ወደ ቤት ይወስዱታል። ነጠላው ላይ የሚቀረውን እዚህ አልጽፈውም። ነጠላውን አልፎ የሚገባውን ደግሞ ሆዳችን ያውቀዋል።

የእኔ ውሃ እንዲህ አልነበረም። ጉድጓዱን የቆፈርነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን፤ ጣሊያን ከመግባቱ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ከከተማው በላይ ግማሽ ሰዓት ከሚያስኬድ ተዳፋት ሥር። ሁለት በጋ ፈጀብን። የአገራችን መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ድንጋይ ካልደረደሩለት የቆፈሩትን መልሶ ይውጠዋል። ድንጋዩን ከተዳፋቱ ላይ በጀርባችን ነው ያወረድነው። አሥራ ሰባት ክንድ ላይ ስንደርስ ከአለት መሃል ቀዝቃዛ ውሃ ወጣ። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ወንድሜን ወባ ገደለው። ከጉድጓዱ ሌላ የተወልኝ ነገር የለም። ሰዎች ቦታውን «የላይኛው ጉድጓድ» ይሉት ጀመር። እኔም ውሃውን በጊርባ፣ ማለት ሱዳኖች ከፍየል ቆዳ በሚሠሩት ከረጢት፣ እየሞላሁ በሁለት አህያ ወደ ከተማ አወርድ ነበር። በዚያ ገቢ ነበር የምንኖረው።

የጎንደሩ መንገድ ተሠርቶ ካሚዮን መመላለስ ሲጀምር ውሃ ፈላጊው በዛ። በ1930 ጥር ላይ፣ ወታደሮቹን ተቅማጥ ስለፈጃቸው ነው መሰለኝ፣ የጤና መሥሪያ ቤታቸው ውሃ ሻጮችን ሁሉ ጠርቶ ሰበሰበን። ሐኪሙ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኛ ፀሐይ ላይ ቆምን። የሚናገረው አስተርጓሚው ነበር። ከደጋ የመጣ፣ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ያን ሁሉ አቧራ እየረገጠ ጫማውን በቀን ሦስት ጊዜ የሚያስጠርግ ሰው ነው።

«ስሙ!» አለ። «ከመጋቢት አንድ ቀን ጀምሮ ለካሚዮን፣ ለወታደርና ለነጭ ሁሉ ውሃ የሚሸጠው በጠርሙስ ብቻ ነው። ጠርሙሱ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ቡሹ አዲስ ይሆናል፤ በላዩ ሰም ይፈስበታል። ሆዱ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱ ውሃው ከየት እንደተቀዳ፣ መቼ እንደተቀዳ ይናገራል፤ የመሥሪያ ቤቱ ቦሎ፣ ማኅተሙ ማለት ነው፣ ይመታበታል። ቦሎ የሌለው ጠርሙስ ይሰበራል፣ ሻጩም ይታሰራል። መጀመሪያ ግን እያንዳንዳችሁ ሦስት ሦስት ጠርሙስ አምጡ፤ ዶቶሬው ይመረምረዋል።»

ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ውሃ ሻጭ፣ «ለአገሬው ሰውስ፣ ጌታዬ?» አሉ።

«ለአገሬው በጊርባ ሽጡ። ማን ከለከላችሁ?»

«የእኛ ሆድ ወረቀት አያስፈልገውም ማለት ነው?»

«የእናንተ ሆድ አልቅት ለምዷል፣ አባባ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን ሳስታውስ ራሴን እጠየፈዋለሁ።

ጠርሙስ ከየት ይምጣ? ከወታደሩ ሰፈር ጀርባ ቆሻሻ የሚደፉበት ገደል ነበር፤ ውሃ ሻጩ ሁሉ እዚያ ወረደ። የወይን ጠርሙስ አለ፣ የቢራ አለ፣ የዘይት አለ፤ ከአገራቸው ድረስ በመርከብ የመጣ የውሃ ጠርሙስ ሳይቀር አለ። ውሃ በመርከብ! ውስጡ የሲጋራ ቁራጭ፣ የሞተ በረሮ፣ የሻገተ ነገር። አንዱን ሳነሳው ከበደኝ። አሸተትኩት፤ ሽንት ነው። ሽንቱን ደፋሁና ጠርሙሱን ወሰድኩ። የጎደለኝን ከአንድ ባለሱቅ ሞላሁ። ባለሱቁ ንግዱን ከአባታቸው የወረሱ ሙስሊም ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ዐረብኛውንም አማርኛውንም ይጽፋሉ፤ ጣሊያንኛም ለሱቃቸው የሚበቃቸውን ያህል ይሰማሉ።

ጠርሙሶቹን በአሸዋና በአመድ፣ ከዚያ በፈላ ውሃ አጠብናቸው። ባለቤቴ እጇ እስኪላጥ ድረስ አጠበች። ትእዛዙ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን አልበቃኝም።

የእኛ ወላጆች ከደጋ የወረዱ ናቸው። በእኛ ቤት የታጠበ ዕቃ ሳይታጠን ምንም አይገባበትም፤ ያልታጠነ ዕቃ ለእንግዳ ማቅረብ እንግዳውን መናቅ ነው። ወይራ ደግሞ በእኛ ቆላ አይበቅልም። ከደጋ በአህያ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ለወተት ቅሏ ብቻ እየቆጠበች የምታወጣት አንዲት እስር ነበረቻት።

«ወይራውን አውጪው» አልኳት።

«ለምኑ?»

«ለጠርሙሱ።»

«እንዴ! ወይራዬን ለሶላቶ ነው የማነደው?»

«ለሶላቶ አይደለም፣ ለጉድጓዱ ነው። ሰው ፊት በሚቀርብበት ቀን እንዲያው እንደ ተራ ዕቃ ይቅረብ?»

«እነሱ ይህን ሽታ አያውቁትም።»

«ጥሩ ሽታ የማያውቅ ሰው አለ ደግሞ?»

«አንተ እልኸኛ» አለችና አወጣችው።

ልክ የነበረችው እሷ ናት። ወይራውን ፍሙ ላይ ፈረፈረችና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጭሱ ላይ ደፋቻቸው። ጭሱ በጠባቡ አንገት ገብቶ ሆዱ ውስጥ ሲዞር አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ አየሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ይደረግ። ሦስቱን መርጬ ከጉድጓዴ ቀዳሁ፣ ቡሹን ወተፍኩ፣ ሰሙን አፈሰስኩ። ሙጫው እንኳ ከግራር የለቀምኩት የራሴ ሙጫ ነበር። ወረቀቱን የሁላችንንም የጻፈው አስተርጓሚው ነው። በዚያ ቀን ከእኔ የተሻለ ውሃ ያቀረበ ሰው አልነበረም። ይህን ዛሬም እላለሁ።

ሐኪሙ የየሰዉን ጠርሙስ ከፀሐይ አንጻር እያነሳ አየ። የአንዱ ደፍርሷል፤ የአንዱ ሥር አመድ ቀርቷል። የእኔን ሲያነሳ ብርሃኑ ጠርሙሱን አልፎ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ራሱን ነቀነቀ። ብርጭቆ ላይ ቀዳ። ከዚያ አሸተተ፤ ፊቱ ተጨማደደ። ትንሽ ጎንጨት አለና፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ ስለነበር፣ እግሬ ላይ ተፋው።

«ምን ጨመርክበት?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ምንም። ዕቃው ታጥኗል።»

«በምን?»

«በወይራ ነዋ፣ ጌታዬ! እርስዎ ያውቁት የለ?»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ያ ሰው በወይራ የታጠነ ወተት ጠጥቶ ያደገ ነው። «በአገራችን ለንጽሕና የሚደረግ ነው» ብሎ አንዲት ቃል ለሐኪሙ ቢነግር ይበቃ ነበር። ወደ ሐኪሙ ዞሮ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ሐኪሙ ጻፈ፤ ማኅተም መታበት። አስተርጓሚው ተመልሶ ወደ እኔ፣ «ውሃህ የተበላሸ ነው። ጉድጓዱ እስኪመረመር ይዘጋል» አለ።

ሐጂ ቡሽ ሊሸጡ መጥተው እዚያው ቆመው ነበር። ስመለስ መንገድ ላይ ደረሱብኝና ክንዴን ያዙኝ። «ያ ዞል» የሚሉት እንደ ሱዳኖቹ «አንተ ሰው» ለማለት ነው።

«ያ ዞል፣ ምን እንዳለው ታውቃለህ?»

«ምን አለ?»

«‹ውሃው ይሸት ነበር፤ ሽታውን ለመሸፈን የአገሩን መድኃኒት አጨሰበት› ነው ያለው።»

«ታዲያ አንቱ ምነው ዝም አሉ? ጣሊያንኛ ያውቁ የለም?»

«እኔ ቡሽ ሻጭ ነኝ» አሉ። «ብናገር ነገ ሱቄን ማን ይከፍትልኛል?»

ዝም ማለታቸው አስጠላኝ። እንደ ሌላው ሰው ሰበብ አለመደርደራቸውን ግን ወደድኩት።

በሳምንቱ ሁለት ወታደሮች መጥተው የጉድጓዴ አፍ ላይ የብረት ክዳን ገጠሙ፤ ቁልፍም አደረጉበት። ምርመራ የተባለው ነገር አልመጣም። የመጣው የአስተርጓሚው የእህት ባል ነው። ከጎንደር በካሚዮን ወረደ፤ ኮፍያ ደፍቷል፤ በሦስተኛው ቀን የጉድጓዴን ቁልፍ ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ አየሁት። ደንቡን የሚያውቅ ሰው ነው ተብሎ ጉድጓዱ በማኅተም ተሰጠው። ከዚያ ጀምሮ ባለቁልፉ እለው ነበር፤ እዚህም እንዲሁ ልበለው። እኔ ቦሎ ስለተከለከልኩ አህዮቼን ሸጬ ካሚዮን የማራግፍ ኩሊ ሆንኩ። ከጓንግ ኩሬም እጠጣ ጀመር።

አንድ ቀን በሚያዝያ ቃጠሎ ጆንያ ስናወርድ ሾፌሩ ጠርሙስ አወጣ። ሰሙን ሰብሮ፣ ቡሹን ነቅሎ፣ አፉ ላይ ካደረገው በኋላ «ኤጭ!» ብሎ ወረወረው። አሸዋው ላይ ስለወደቀ አልተሰበረም። ሄጄ አነሳሁት። በቀረው ውሃ ውስጥ አልቅት ይዋኛል፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ አንዴ የሚያጥር አንዴ የሚረዝም። አልቅት የኩሬ ነው። አሥራ ሰባት ክንድ አለት ሥር አልቅት ምን ያደርጋል? ጠርሙሱን በመዳፌ ከድኜ ሐጂ ሱቅ ሮጥኩ።

«ወረቀቱን ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «‹የላይኛው ጉድጓድ ውሃ› ይላል።»

«ሌላስ?»

«‹ንጹህ። ከአለት ሥር የተቀዳ።› የተቀዳበት ቀንም አለው፤ የትናንት ነው። ቦሎውም አለ።»

«ይሄስ ምንድን ነው፣ ሐጂ?»

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሱ። አልቅቱን ትንሽ ተመለከቱት። «ይሄን» አሉ፣ «መጻፍ ረስተዋል።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ወደ ጉድጓዴ የሚወስደው ተዳፋት ነው፤ መሳቡም ጉልበት ይጠይቃል። ወንዙ ግን ለካሚዮኑ መንገድ ቅርብ ነው። ባለቁልፉ ከኩሬው እየሞላ የጉድጓዴን ስም ይለጥፍበታል። ጉድጓዴን ቀምቶ ውሃውን ቢሸጥ አንድ ነገር ነበር። እሱ የቀማኝ ስሙን ብቻ ነው፤ ውሃውን እንኳ አልፈለገውም።

ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ግን ጠጪው ነበር። ጥቂት ቆይቶ የከተማችን ባለጸጎች እንደ ነጭ በጠርሙስ መጠጣት ጀመሩ። አንድ ሠርግ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። የሙሽራው አባት ጠርሙሶቹን ወረቀታቸው ወደ እንግዳው እንዲዞር አድርጎ በሰልፍ ደርድሯቸዋል።

«ጠጣ እንጂ! ባለ ቦሎ ነው» አለኝ።

«ጠላ ይሻለኛል።»

«ጠላማ ማንም ቤት አለ። ይሄ የላይኛው ጉድጓድ ነው፤ አንተ ስትሸጠው እንዲህ አይጣፍጥም ነበር።»

አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጎንጨት አድርጎ «አቤት ቅዝቃዜው!» አለ፤ ጥርሱ ላይ አሸዋ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ። አሸዋውን ዋጠው። ወረቀት የተለጠፈበትን አሸዋ መትፋት ነውር መስሎት ዋጠው። ተነስቼ ወጣሁ።

አልቅቱ የተገኘበትን ጠርሙስ ይዤ የጤናው መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። እዚያ ሐኪሙ ጋ የሚያደርሰው በር አስተርጓሚው ነው።

«ይህ ውሃ ከጉድጓዴ የተቀዳ አይደለም» አልኩት።

«ከጉድጓድህ ነው ያለህ ማን ነው?»

«ወረቀቱ።»

«ማንበብ ትችላለህ?»

ዝም አልኩ።

«ጠየቅሁህ እኮ! ማንበብ ትችላለህ ወይ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ወረቀቱ የሚለውን በምን አወቅህ? ሸቶህ ነው?» ዘበኞቹ ሳቁ። «አልቅቱንስ አንተው ከኩሬ አምጥተህ እንዳልከተትከው ማን ይመሰክርልሃል? አልቅቱ?»

ሐጂ አነበቡልኝ ብል ሱቃቸው ይዘጋ ነበር፤ አልተናገርኩም። የመንግሥት ማኅተም ዘለፍክ ተብዬ አሥራ አምስት ጅራፍ ተገረፍኩ። የጅራፉ ቁስል በሁለት ሳምንት ዳነ። «ሸቶህ ነው?» የምትለዋ ግን አልዳነችም።

ጀርባዬ እንደሻረ ሐጂ ሱቅ ሄጄ፣ «ፊደል ያስተምሩኝ» አልኳቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር።

«ለምን?»

«ማንበብ ትችላለህ ወይ ተብዬ ደግሜ ዝም ማለት አልፈልግም።»

በቀትር፣ ሙቀቱ ገበያውን ሲበትነው፣ ሱቁ መሬት ላይ አቧራ በትነው በጣታቸው ያጽፉኝ ጀመር። እጄ ጆንያ የለመደ ነው፤ አልታዘዝ አለኝ። «ያ ዞል፣ ይቺ ‹ሀ› እግሯ ተሰብሯል፤ አሳክማት» ይሉኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «ይሄ ‹መ› ነው ወይስ የግመል ኮርቻ?» ይላሉ። የአማርኛ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ያነበብኩት ከጠርሙስ ላይ የላጥኩትን ወረቀት ነው፤ ግማሹ በጣሊያንኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነበር። ሰው በመጀመሪያ የሚያነበው ዳዊት ነው፤ እኔ የኩሬ ውሃ ላይ የተለጠፈ ውሸት አነበብኩ። ያለ ማንም ርዳታ የለየኋት የመጀመሪያዋ ቃል «ንጹህ» የምትለዋ ናት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ወደ ደጅ ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ።

ባዶ ጠርሙስ ባገኘሁ ቁጥር ወረቀቱን በውሃ እያራስኩ ልጬ፣ አድርቄ በቆርቆሮ ታኒካ ውስጥ አጠራቅም ጀመር። ባለቤቴ «ጠርሙስ አሳጥበኸኝ ጉድጓድ አጣን፤ አሁን ደግሞ ወረቀት ልታሳጥበኝ ነው?» ትለኝ ነበር። ቀኑን ማንበብ ስችል ነገሩ ይበልጥ ገማብኝ። እሑድ እሑድ ወደ ጉድጓዴ እወጣ ነበር፤ ከቁልፉ እስከ ክዳኑ ሸረሪት አድርታበታለች፤ ድሩ ሳይበጠስ ወር ይሞላል። ወረቀቱ ግን በየቀኑ ተቀዳ፣ ተቀዳ ይላል።

በ1932 ሰኔ ላይ ጦርነቱ ደረሰብን። ከድንበሩ ኾር ማዶ እንግሊዝ፣ ከኾሩ ወዲህ ጣሊያን፣ መሃል ላይ እኛ። መድፉ ሲበረታ ባለቤቴን ይዤ ወደ ሽንፋ በረሃ ሸሸሁ። ታኒካዬን ተሸክሜ ያየ አንድ ጎረቤት፣ «ሰው እህሉን ይዞ ይሸሻል፤ አንተ የጠርሙስ ቆዳ ይዘህ ትሸሻለህ?» ብሎ በዚያ ጭንቅ መሃል ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ጣሊያን መተማን የለቀቀው በጥር 1933 መጨረሻ ነው። በየካቲት ስመለስ የከተማው ግማሽ ተቃጥሏል። ቤቴን ሳላይ ወደ ጉድጓዴ ወጣሁ። ሳልደርስ ሸተተኝ። ቁልፉ ተሰብሯል፤ ክዳኑ ተገልብጦ ወድቋል። አፍንጫዬን ይዤ ቁልቁል አየሁ። የበቅሎ የኋላ እግር፣ ኮቴው ከነብረቱ፣ ወደ ላይ ተገትሯል። ሲሸሹ፣ ተከትሎ የሚመጣው ጦር እንዳይጠጣ፣ በቅሎ ገድለው ከተውበታል። ወንድሜ በጀርባው ያወረደው ድንጋይ ላይ ስቡ ተጣብቋል፤ ዝንቡ እንደ ጭስ ይነሳል። ዳር ላይ ተቀምጬ አስመለስኩ።

አስተርጓሚው ከጌቶቹ ጋር ወደ ጎንደር ሄዷል። ባለቁልፉ ግን ቀረ። ኮፍያውን ጥሎ ጎፈሬ ማሳደግ ጀምሯል። ጎፈሬው ገና ጣት አይሞላም፤ እሱ ግን የውስጥ አርበኛ ነበርኩ ይላል። ጠላትን በኩሬ ውሃ ስገድለው ነበር ቢል እንኳ ይሻል ነበር። ጉድጓዴን ላጸዳ ገመድ ስገዛ ገበያ ላይ አገኘኝ።

«እንዳትነካው» አለኝ። «ከነማኅተሙ የእኔ ነው።»

«የማን ማኅተም ነው?»

«ማኅተም ማኅተም ነው።»

አዲስ ለተሾሙት የወረዳ ሹም አመለከትኩ። እሳቸውም ነገሩን ለሦስት ሽማግሌዎች ሰጡት፤ አንደኛው ቄስ ናቸው፣ አንደኛው ከአርማጭሆ ወርደው ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ፣ ሦስተኛው ጆሯቸው የማይሰማ ደግ ሽማግሌ። ነገሩ እስኪቆረጥ ከሁለታችን ማንም ጉድጓዱን እንዳይነካ ታገደ። በእግዱ የተነሳ በቅሎው እዚያው ሰነበተ።

በግንቦት ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡልን። ባለቁልፉ የማኅተሙን ወረቀት ዘረጋ፤ ቄሱ አገላብጠው አዩት።

«አንተስ ምን ማስረጃ አለህ?» አሉኝ።

«የሱን ወረቀት፣ አባ» አልኩና ታኒካዬን ገለበጥኩት።

ባለቁልፉ ብድግ አለ። «ይህ ሰው ማንበብ አይችልም! መተማ በሙሉ ያውቀዋል!»

አንዱን አነሳሁ። «የላይኛው ጉድጓድ ውሃ። ንጹህ። ከአለት ሥር የተቀዳ። ነሐሴ 16 ቀን» ብዬ አነበብኩ። ሌላ አነሳሁ። «ነሐሴ 17 ቀን።» ሌላ። «ነሐሴ 19።» ቄሱ እየተቀበሉኝ እያዩ፣ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይሉ ጀመር።

ገበሬው ሽማግሌ ሳቁ። «በነሐሴ? በዚያ ዋልካ? እኔ በነሐሴ ከጎጆዬ ደጅ መውጣት አቅቶኝ እሰነብታለሁ። በምን ሄድክ፣ ልጄ? በክንፍ?»

«ሠራተኛ ነበረኝ» አለ ባለቁልፉ።

«እሺ። ለመሆኑ ጉድጓዱ ስንት ክንድ ነው?»

«ሠላሳ... ሠላሳ ይሆናል።»

«አንተስ?»

«አሥራ ሰባት፣ አባቴ።»

«አሁን ውስጡ ምን አለ?»

ባለቁልፉ ተቆጣ። «ውሃ ነዋ! በጉድጓድ ውስጥ ከውሃ ሌላ ምን ይኖራል?»

«አንተስ?»

«በቅሎ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«የሞተ በቅሎ ነው ያለው። ከጥር ጀምሮ።»

የማይሰሙት ሽማግሌ «ምን አለ? ምን አለ?» አሉ። ገበሬው ጆሯቸው ላይ አጎንብሰው «በቅሎ!» ብለው ጮኹ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ባለቁልፉም ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ እንሂድና እንየው ተባለ።

ከከተማው ወጥተን መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ስንደርስ ባለቁልፉ ፊት ፊት ይሄድ ስለነበር ወደ ግራ ታጠፈ። ወደ ግራ የሚወስደው ወደ ወንዙ ነው።

«ወዴት ነው?» አሉት ገበሬው።

ዞሮ አየን። ፊቱ ላይ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም፤ ደስ ስላለኝ አይደለም። ቁልፉን ሦስት ዓመት ሙሉ ቀበቶው ላይ ያንጠለጠለ ሰው ጉድጓዱ ወዴት እንደሆነ አያውቅም።

ጉድጓዱ ጋ ገመድ ማውረድ አላስፈለገም። ገና ሩቅ ሳለን ሰዉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አደረገ። ቄሱ አማተቡ። ገበሬው ብቻ ዳር ድረስ ሄደው ቁልቁል አዩ፤ የተደረደረውን ድንጋይ በእጃቸው ዳሰሱ፣ ተመለሱ።

«ይህን ድንጋይ የደረደረ ሰው ነው ባለቤቱ» አሉ። «ያኛው ይሂድ።»

ባለቁልፉ ሄደ። ማንም አልሸኘውም።

ቄሱ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሳኔውን ጻፉ። ከዚያ ቀለም አውጥተው፣ «ና፣ ጣትህን ንከርና አትም» አሉኝ።

«መጀመሪያ ላንብበው፣ አባ።»

ሰጡኝ። ቀስ ብዬ አነበብኩት። ጉድጓዱ ከነድንጋዩ፣ ከነውሃው፣ ከነዙሪያው የእኔ ነው ይላል።

«በቅሎውን አልጻፉትም» አልኩ።

«እንዴት ያለ ሰው ነህ! በቅሎ በውሳኔ ላይ ይጻፋል?»

«ይጻፍ፣ አባ። ውሃ ብቻ አለበት ከተባለ ይህም የጠርሙስ ወረቀት ሆነ። ያለው ሁሉ ይጻፍ።»

ገበሬው ሽማግሌ፣ «ይጻፉለት፣ ይጻፉለት። ሽታው ራሴን ሊያዞረኝ ነው» አሉ።

ቄሱ እያጉተመተሙ ብዕራቸውን ነክረው «ከነበቅሎው» የምትል ቃል ከመስመሩ በላይ ጨመሩ። ብዕሩን ተቀበልኳቸውና ስሜን በእጄ ጻፍኩ፤ ሽማግሌዎቹም ከሥሩ ፈረሙ። ግንቦት 12 ቀን 1933 ዓ.ም.።